የተማሪዎች ድራማ ለሕፃናት ጥበቃ በድርቅና በሠፈራ አካባቢዎች

ድርቅ በአንድ አካባቢ ሲጸና ጉዳቱ የሚለካው በጠፋው አዝመራና ባለቀው ከብት ብቻ አይደለም። ጎተራው ባዶ በሆነ ጊዜ፣ ልጅን የሚጎዱ ውሳኔዎች የችግር መውጫ መስለው ይቀርባሉ። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ለጥሎሽ ሲባል ትዳራለች፤ ወንዱ ትምህርቱን አቋርጦ በእረኝነት ይቀጠራል፤ ሌላዋም «ከተማ ወስጄ አስተምራታለሁ» ለሚል ደላላ ትሰጣለች። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ድርቁ በጸናባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች ያለዕድሜ ጋብቻ ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ መጨመሩን አስታውቆ ነበር።

ሠፈራም የራሱ አደጋ አለው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ በተጓጓዘበት ወቅት ብዙ ቤተሰቦች ተለያይተዋል። በአዲስ ሠፈር ልጅን የሚከታተል ጎረቤት፣ ዕድር ወይም ሽማግሌ ወዲያው አይገኝም።

በሕግ በኩል ጉዳዩ ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው፣ ዕድሜዋ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ልጁ የሚበላው ያጣ ወላጅ አንቀጽ ስለተነበበለት ብቻ ሐሳቡን አይለውጥም።

የተማሪዎች ድራማ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ድራማ ማንንም በስም ሳይጠራ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ያሳያል፤ ማንበብ የማይችለውም ይረዳዋል፤ ከጋቢና ከዱላ በቀር ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። በተለይም ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስፋፋው ዘዴ ለዚህ ተስማሚ ነው። በዚህ ዘዴ መሠረት አባትየው ለደላላው «እሺ» ሊል ሲል ጨዋታው ይቆምና ተመልካቹ «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል። የቀረበው ሐሳብ እዚያው በመድረክ ተሠርቶ ይታያል። በዚህም ሕዝቡ ተመካሪ ብቻ ሳይሆን መካሪ ይሆናል።

በአፈጻጸም ረገድ ሊጠበቁ የሚገባቸው ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ በአካባቢው የሚታወቅ ልጅ የደረሰበት በደል ለድራማው ታሪክ ሆኖ መቅረብ የለበትም። ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰበትም ተማሪ ያንን ክፍል እንዲጫወት አይደረግም።

ሁለተኛ፣ ወላጁ ጨካኝ ሆኖ አይቀረጽ። እንደ ክፉ የተሣለ ችግረኛ ሰው ችግሩን ይደብቃል። ሠፋሪውንና ነባሩን ሕዝብ የሚያነካካ ቀልድም ከጽሑፉ ይውጣ።

ሦስተኛ፣ ድራማው በእህል እደላ ቀን የሚቀርብ ከሆነ ከእደላው በኋላ ይሁን። አለበለዚያ ተመልካችነት የራሽን ዋጋ ይመስላል።

አራተኛውና ዋነኛው፣ ከትርዒቱ በኋላ የሚናገርን ልጅ ማን እንደሚቀበለው አስቀድሞ መወሰን አለበት። ድራማ ያየች ልጅ በማግስቱ ወደ መምህርዋ ቀርባ «የኔንም ሠርግ ቆርጠውታል» ልትል ትችላለች። መምህሩ ለብቻዋ በእርጋታ ሊያዳምጣት፣ በጥያቄ ሊያስጨንቃት አይገባም፤ ሊጠብቀው የማይችለውን ምስጢርም ቃል አይግባላት። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያው፣ ጤና ጣቢያውና ፖሊስ ኃላፊነታቸውን አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል። ይህ ካልተዘጋጀ ትርዒቱ ቢዘገይ ይሻላል፤ ተናግራ ሰሚ ያጣች ልጅ ዳግመኛ አትናገርምና።

በመጨረሻም፣ ድራማ የእህልን ቦታ አይተካም። ከተመልካቹ መካከል «ልጄን የሰጠሁት ስለራበን ነው» የሚል ወላጅ ቢነሣ ንግግሩ ለእርዳታ ሠራተኛው መረጃ ነው። ቤተሰቡ በተረጂዎች መዝገብ መኖሩ፣ ድርሻውም መድረሱ በዚያው ሳምንት ይጣራ። ልጅቱ በትምህርት ገበታዋ ላይ የምትቆየው ምክሩና ራሽኑ አብረው ሲደርሱ ነው።