ክኒን አልዋጥ ሲል ምን ይደረግ?

በየቤቱ ስንዘዋወር ክኒን መዋጥ አቅቷቸው በሕመም የሚሠቃዩ ብዙ ሰዎች ያጋጥሙናል። አንድ ቀን ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት ቤት ገብተን፣ «እማማ፣ መድኃኒቱን ወሰዱት ወይ?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ይሄ ነገር እኮ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል ልጆቼ!» ብለው የታዘዘላቸውን ክኒን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው አሳዩን። ለካ እንደተጋደሙ በአንድ ጉንጭ ውሃ ነበር የሚውጡት። ጥፋቱ የአዋዋጡ እንጂ የጉሮሮአቸው አልነበረም።

አፍ ደርቆ ወይም ተጋድመው ሲውጡት ክኒኑ ከምግብ መውረጃው ላይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። እዚያው ሲሟሟም ሥጋውን ያቆስላል። እንደ ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና አስፕሪን ያሉት ማስታገሻዎች በተለይ ያሠጋሉ። ስለዚህ ክኒን የሚወስድ ሰው እንዲህ ያድርግ።

1ኛ/ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ አስቀድሞም ውሃ ጎንጨት ብሎ አፉን ያርጥብ።
2ኛ/ ክኒኑን ምላሱ ላይ አድርጎ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይዋጠው። በጠላ ወይም በአረቄ መዋጥ አይገባም።
3ኛ/ አንገቱን ወደ ኋላ አይቀልብስ። ካፕሱል ከሆነ በውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ፣ አገጭን ትንሽ ወደ ደረት ዝቅ ማድረግ ይረዳል።
4ኛ/ ከዋጠ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አይጋደም።

«ታዲያ አድቅቀን ብንወስደውስ?» የሚሉን አሉ። መልሳችን «እንደ ክኒኑ ዓይነት ነው» የሚል ነው። ተራው ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ሊደቅ ይችላል። እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ በሁለት ንጹሕ ማንኪያዎች መካከል አድቅቆ፣ ከአንድ ማንኪያ እርጎ ወይም ከቀዘቀዘ አጥሚት ጋር ወዲያው መዋጥ ነው። ይመራል እንጂ አይጎዳም። በርበሬ በተወቀጠበት ሙቀጫ ግን አይሆንም፤ ከመድኃኒቱ ከፊሉ እዚያው ይቀራል፣ እድፉም ከሕመምተኛው ሆድ ይገባል።

ሆዱን እንዳይጎዳ በሽፋን የተለበጠ ክኒን አይደቅም፤ ሽፋኑ ከፈረሰ ጥበቃው ቀረ ማለት ነው። ቀስ እያለ እንዲሠራ የተዘጋጀውም ቢደቅ የብዙ ሰዓቱ መድኃኒት ባንድ ጊዜ ሰውነት ውስጥ ይለቀቃል። ካፕሱልም እንዲሁ ሳይጠይቁ አይከፈትም። በዓይን አይቶ መለየት ስለሚያስቸግር ከማድቀቅ በፊት የመድኃኒት ቤቱን ባለሙያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለልጆች የሚሆን ሽሮፕ አለ። የአንዱ ጠርሙስ ኃይል ከሌላው ስለሚለይ፣ በወጥ ማንኪያ ሳይሆን አብሮት በመጣው መለኪያ፣ በልጁ ክብደትና ዕድሜ ልክ ይሰጥ። የአዋቂ ክኒን በግምት ቆርሶ መስጠት አደገኛ ነው። አስፕሪንም ሐኪም ካላዘዘ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም።

ክኒኑ ስለ ደቀቀ መጠኑ አይጨመርም። ጤነኛ ጉበት ያለው አዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙን ፓራሲታሞል ባንድ ጊዜ ከ2 ፍሬ፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም፤ በመካከሉም ቢያንስ 4 ሰዓት ይቆይ። ሰውነቱ የከሳ፣ ጉበቱን የታመመ ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ከዚህ ያነሰ ሊያስፈልገው ስለሚችል ሐኪም ይጠይቅ። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶችም ፓራሲታሞል አለባቸው፤ ሁለቱን መደራረብ ጉበትን ይጎዳል። ጉዳቱም እስከ ማግስቱ ወይም ከዚያ በላይ ሳይታወቅ ሊቆይ ስለሚችል፣ ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ምልክት ሳይጠብቅ ወደ ሐኪም ይሂድ።

በእንቅልፍ ለደከመ፣ ወይም ውሃ ሲጠጣ ትን ለሚለው ሕመምተኛ በአፉ ምንም አይሰጠው። መዋጥ በድንገት ያቃተው፣ ወይም ምግብም ጭምር አልወርድ ያለው ሰው ቤት አይቆይ፤ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

እኒያን እናት ትራስ ደግፈን አስቀመጥናቸው፤ ብርጭቆውንም ሞልተን ሰጠናቸው። ክኒኑን ዋጡና፣ «አለፈ እኮ!» ብለው ሳቁ። እናንተም ለታመመ ዘመዳችሁ ክኒኑን ከመስጠታችሁ በፊት ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ውሃውንም አትሰስቱበት።