በረንዳ ላይ ያለችውን ወይራ የሚገድላት ብርዱ አይደለም

ለንደን ውስጥ በየካፌው በር ላይ፣ ማሰሮ ውስጥ የተተከለች ብርማ ቅጠል ያላት ዛፍ አይታችሁ ይሆናል። ወይራ ናት። ጋን የምናጥንባት፣ ጥርስ የምንፍቅባት የአገር ቤቷ ወይራም ዝርያዋ ያው ነው፤ የሚለያዩት በንዑስ ዝርያ ብቻ ነው። ቅጠሉን ገልብጡት፦ የሜዲትራኒያኗ ጀርባው ነጣ ያለ ነው፣ የእኛዋ ደግሞ ወርቃማ ቡኒ።

ታዲያ ብዙ ሰው ይገዛትና ኅዳር ሲገባ «ኧረ በብርድ ልታልቅ ነው!» ብሎ ሳሎን ያስገባታል፤ ያውም ማሞቂያው አጠገብ። ብዙም ሳትቆይ ቅጠሏን ማርገፍ ትጀምራለች። ወይራ እኮ ብርድ ትፈልጋለች። አበባ እንድትይዝ ሁለት ወር ገደማ ከ10 ዲግሪ በታች ማሳለፍ አለባት። መሬት ላይ የተተከለች ትልቅ ዛፍ ደግሞ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ድረስ ትችላለች። ማሰሮ ውስጥ ያለችው ግን ውርጩ ከጎን ገብቶ ሥሯን ያገኘዋል።

ለንደን ላይ ዋናው ገዳይ ውሃ ነው። ብርድና ጭቃ ሲገናኙ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከታች ቀዳዳ ያለው የሸክላ ማሰሮ ያዙ፤ አፈሩ ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ጠጠር ቀላቅሉ፤ ማሰሮውን ጡብ ላይ አስቀምጡት። ከሥሩ ያለውን ሳህን በብርዱ ወራት አንሡት። ቦታው ወደ ደቡብ የዞረ፣ ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ሥር ይሁን። ውርጭ ሲመጣ ማሰሮውን በአረፋ ፕላስቲክ ጠቅልሉት፣ በቃ። ስቶክሆልም ያላችሁ ግን ይሄ አይበቃችሁም፤ ማሞቂያ የሌለው፣ ብርሃን ያለው ክፍል ወይም በመስታወት የተዘጋ በረንዳ ያስፈልጋል።

በበጋ ነገሩ ይገለበጣል። «የበረሃ ዛፍ ናት» ብላችሁ ውሃ አትከልክሏት፤ ማሰሮ ቶሎ ይደርቃል።

ፍሬውንስ? እውነቱን ለመናገር ለፍሬ ብላችሁ አትግዟት። ብታፈራም እንኳ እንዲሁ ተቀጥፎ አይበላም፣ ይመራል፤ ምሬቱ እስኪወጣ ጨው ውሃ ውስጥ ሳምንታት መክረም አለበት።

«ከአገር ቤት ችግኝ በሻንጣ ላምጣ» የምትሉም አላችሁ። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባ ችግኝ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ግዴታ ነው፤ እንግሊዝም ትጠይቃለች። ቁጥጥሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ጣሊያን ፑግሊያ ውስጥ በ2013 የተገኘው ዛይሌላ የተባለ ባክቴሪያ ሚሊዮኖች የወይራ ዛፎችን ጨርሷል።

የምትገዙ ከሆነ በሚያዝያና በግንቦት ግዙ፤ ብርዱ ሳይመጣ ሥር ትሰዳለች። ቅጠሏ የረገፈባችሁም ቶሎ አትጣሏት። ቅርፊቷን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ በሕይወት አለች፣ እስከ ሰኔ ጠብቋት።