መርከቡ ቢሸጥም መርከበኛው አይሸጥም!

ቢቸና ወይም ሞጣ ያደገ ልጅ «ባሕር» ሲባል ምን ይታየው ይሆን? ፊቱን ወደ ጮቄ ቢያዞር ተራራ፣ ወደ ሌላው ማዶ ቢያዞር የዓባይ በረሃ ነው። ዓባይ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሯት ያልፋል እንጂ መርከብ አያስኬድም። ታዲያ ከዚህ አገር ተነሥቶ የባሕር ኃይል መኮንን፣ ከዚያ የድርጅት ባለቤት፣ ከዚያም ደኅና ባልና አባት መሆን ይቻላል? በአንድ ዕድሜ ሦስት ኑሮ ማለት እኮ ነው!

ይቻላል። ግን እንዴት? የዛሬው ጨዋታችን እሱ ነው። እንደ ምሳሌ የማቀርብላችሁ ሰው በሐሳቤ የሳልኩት የሞጣ ልጅ ነው። የሚያልፍበት ታሪክ ግን እውነተኛ፣ ብዙዎች የኖሩት ነው።

ባሕር በነበረን ጊዜ

በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የቢቸና ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልቀበልም ብሎ ሲነሣ ልጃችን የ12 ዓመት ተማሪ ነበር እንበል። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ከተቋቋመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ነበር። ሲጀመር የኖርዌይ መኮንኖች ረድተውታል። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችው ትልቋ መርከብ ስሟ ራሱ «ኢትዮጵያ» ነበር። መኮንን መሆን ቀልድ አልነበረም፤ ከአራት ዓመት በላይ ትምህርት ይጠይቃል። በደርግ ጊዜ ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ድረስ እየተላኩ የተማሩ ነበሩ።

ልጃችን በ1960ዎቹ መጨረሻ ገባ። ነጩን ዩኒፎርም ለበሰ። ለዓመት ፈቃድ ሞጣ ሲመጣ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣል፤ እናቱ እልል ይላሉ። አገባ፣ ወለደ። ውሎ አድሮም «ኮማንደር» ተባለ።

ግን ምን ያደርጋል! በየካቲት 1982 ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ገባች። በግንቦት 1983 ከተረፉት መርከቦች ብዙዎቹ ወደ የመን ሸሹ። በ1985 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ባሕር በር አልባ ሆነች። መርከቦቹ ከየመን ወደ ጂቡቲ ሄዱ። በመስከረም 1989 የጂቡቲ መንግሥት የወደብ ዕዳ አልተከፈለም ብሎ ለጨረታ አወጣቸው። ጥቂቶቹን ኤርትራ ወሰደች፤ የቀሩት ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ።

አስቡት እስቲ! ዶክተር ሥራ ቢያጣ ሌላ ሆስፒታል ይፈልጋል። አስተማሪም ሌላ ት/ቤት አለው። የባሕር ኃይል መኮንን ግን ባሕሩ ራሱ ሲሄድበት የት ይሂድ? ሞጣ ሲገባ ሰው ሁሉ «ኮማንደር» ይለዋል፤ ኪሱ ግን ባዶ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍር ነገር የለም። ብዙ ሰው የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። የድሮ ፎቶውን ይዞ ቡና ቤት መቀመጥ፣ «እኛ በነበርንበት ጊዜ» እያሉ ቀኑን ማምሸት ይመጣል። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታልና አላፊ አግዳሚውም ያላግጥበታል።

ምን ቀረው?

የእኛ ሰው የቀረውን ቆጠረ። ማዕረጉ ቀርቷል፤ መርከቡም ቀርቷል። አንድ ልማድ ግን ከእሱ ጋር አለ፤ የተረኛ ርክክብ።

በመርከብ ላይ ተረኛ መኮንን አብዛኛውን ጊዜ በየአራት ሰዓቱ ይቀያየራል። የሚረከበው ሰው እንደ መጣ ትእዛዝ አይሰጥም። መጀመሪያ ይጠይቃል። አቅጣጫችን ወዴት ነው? ፍጥነታችን ስንት ነው? አጠገባችን ማን አለ? ነፋሱስ? ሌሊት ከሆነ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ነው «ተረክቤያለሁ» የሚለው። ቀኑና ሰዓቱም በመዝገብ ይሰፍራል። ማዕረግህ የፈለገውን ያህል ቢሆን ሳትጠይቅ ከተረከብክ መርከቡን ከድንጋይ ጋር ታላትመዋለህ።

ይኼ ልማድ ንግድ ቤት ውስጥ ወርቅ ነው! ኢትዮጵያ ባሕር ብታጣም ዕቃዋ ከባሕር አልወጣም። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ አሰብ ከቀረብን ወዲህ ከገቢ ዕቃችን 90 በመቶ የሚበልጠው የሚመጣው በጂቡቲ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው አንድ ትራንዚተር ቢሮ ጸሐፊ ሆኖ ገባ። አዎ፣ ጸሐፊ! አለቃው በዕድሜ ልጁ ቢሆን ነው። የመጀመሪያውን ወር ሲጠይቅና ሲጽፍ ከረመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንቴይነር ወደብ ላይ ያለ ክፍያ የሚቆይበት የቀን ገደብ አለው። ቀኑ ካለፈ ሒሳቡ በየቀኑ ይቆጥራል፤ እሱም በዶላር! አንድ ፊርማ የጎደለው ሰነድ፣ አንድ ቀን የዘገየ የባንክ ወረቀት የነጋዴውን ትርፍ ሙልጭ አድርጎ ይበላል። ቀንና ሰዓት መመዝገብ የለመደ ሰው ግን ነገሩ ሳይደርስ ይደርስበታል። ደንበኛ ማን ዘንድ ይሄዳል? እንዲህ ያለው ሰው ዘንድ ነዋ! ከአምስት ዓመት በኋላ የራሱን ቢሮ ከፈተ፤ ሠራተኛ ቀጠረ። ድርጅት የሚያቆመው ይኼ ነው እንጂ ጩኸት አይደለም። ጉምሩክ ላይ የተቀመጠው ወጣት የበታች መኮንን አይደለም፤ «እባክህ ልጄ» ካልተባለ ወረቀቱን ወደ ጎን ያደርገዋል።

ቤት መርከብ አይደለም

ከባዱ ግን ቢሮው አይደለም፤ ቤቱ ነው። ባሕርተኛ ባል ወራት ርቆ ይከርማል። ሚስት ትወልዳለች፣ ታሳክማለች፣ ከአከራይ ጋር ትከራከራለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች። ባል አንድ ቀን ጠቅልሎ ይመጣና «ይኼ ለምን እዚህ ተቀመጠ? ልጁ ለምን አመሸ?» ማለት ይጀምራል። ልጆቹ የእግሩን ኮቴ ሲሰሙ ወሬ ያቆማሉ። ሚስት ትችላለች፣ ትችላለች፣ አንድ ቀን «ኮማንደር፣ ይኼ ቤት ነው፤ መርከብ አይደለም!» ትላለች። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ወይ ሽማግሌ ነው፣ ወይ ፍርድ ቤት።

እኔ ግን እንዲያውም ልክ እንደ መርከብ ያድርገው ባይ ነኝ! እሷ ያን ሁሉ ዓመት ተረኛ ነበረች። አሁን የሚረከበው እሱ ነው። ታዲያ የተረካቢ ደንቡ ምን ነበር? መጀመሪያ መጠየቅ! «ልጁ በየትኛው ትምህርት ደከመ? ዕዳ አለብን? አንቺስ ምን ደከመሽ?» ዓይኑ የቤቱን ጨለማ እስኪለምድ ዝም ይበል። ከዚያ ተራውን ይውሰድ። ልጅ ሲያተኩሰው ግማሹን ሌሊት እሱ ይቀመጥ። የቤት ወጪውን ሁለቱም በሚያዩት ደብተር ይጻፉ። ወዳጆቼ፣ አባት የሚከበረው እንዲህ ነው።

ለእናንተስ?

ባሕር ኃይል በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተቋቁሟል፤ በመጋቢት 2011 ከፈረንሳይ ጋር የትብብር ስምምነት ተፈርሟል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ተቋምም ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይ ምህንድስና የጨረሱ ወጣቶችን ለንግድ መርከቦች መኮንንነት ሲያሠለጥን ቆይቷል። ስለዚህ ከሞጣና ከቢቸና ባሕር ላይ መድረስ ዛሬም ሕልም አይደለም። ሂዱ! ነገር ግን ዩኒፎርሙን ብቻ ተማምናችሁ አትሂዱ። የምትይዙት ሙያ ነገ በጨረታ ቢሸጥ ምን ይቀራችኋል? ዛሬውኑ ቁጠሩት።

እኅቶቼ፣ እናንተም በትከሻው ላይ ያለውን ምልክት አትቁጠሩ። ይልቅ ቤታችሁ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ገና ከበር ሲገባ ያዛል ወይስ ይጠይቃል? የሚጠይቀው ሰው መርከቡ ቢሸጥበት እንኳ ቤት ያቆማል። የሚያዘው ግን ሙሉ መርከብ ቢሰጡትም ከድንጋይ ጋር ያላትመዋል።