ብስክሌት ለጤናና ለርዳታ

ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በመባል የሚታወቀው ዕለት በአዲስ አበባ ሲጀመር፥ ዋና ዋና ጎዳናዎች ለጥቂት ሰዓታት ከሞተር ተሽከርካሪ ነፃ ሆነው ለእግረኛና ለብስክሌት ነጂ ተለቀቁ። ዓላማውም ከእንቅስቃሴ ማነስ ጋራ የሚዛመዱትን የስኳር፥ የደም ግፊትና የልብ ሕመሞች ለመከላከል ነበር።

በነቀምትም ለድኾች ሕሙማን መድኃኒት መግዣ ገንዘብ እያሰባሰቡ ከባኬ ጃማ ተነሥቶ በኅብረት መንዳት ቢታሰብ፥ በጎነቱ እጥፍ ነው፤ ታማሚው ይረዳል፥ ነጂውም ጤናውን ይጠብቃል። ነገር ግን አንድ እሑድ ብቻውን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በየሳምንቱ ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይህም በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ መንዳት ማለት ነው።

የወለጋ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት አያጣውም። ዳገቱ ልብን ይፈትናልና የደረት ውጋት ወይም ማዞር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ቁልቁለቱ ፍሬንን ይፈትናልና ነጂው ሁሉ ከመነሣቱ በፊት የፊትና የኋላ ፍሬኑን ይመርምር፥ የራስ ቁርም ይድፋ። የተሰበሰበው ገንዘብ በደረሰኝ ገቢ ሆኖ ሒሳቡ ለሕዝብ ይነገር፤ ርዳታ የሚጸናው በመታመን ነውና። መምህራንም ይህን ልማድ ከተማሪዎቻቸው ጋራ እንዲጀምሩ አደራ እንላለን።