ዲስኩ እምቢ ሲል

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ መኪና ፍሬን ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኔም በ2017 ዓ.ም. ክረምት የአጎቴ ቪትዝ ፍሬን በተያዘ ቁጥር እግር ላይ መንቀጥቀጥ እስክትጀምር ድረስ ጉዳዬ አልነበረም። አንድ ጋራዥ "የፊት ዲስኮቹ ተበልተዋል፣ ሦስት ቀን ይተዉልን" ሲለው፣ አጎቴ አዲስ ጥንድ ገዝቶ መጣና "ግቢያችን ውስጥ እንቀይረዋለን" አለኝ። የዚያን ቅዳሜ ትምህርት ነው የማካፍላችሁ።

ለመሆኑ ዲስክ ምንድን ነው? ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ክብ ብረት ነው። ፔዳሉን ስንረግጥ የፍሬን ዘይት ካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑም ሸራዎቹን ከግራና ከቀኝ ዲስኩ ላይ ያጣብቃል። በዚህ ጊዜ የመኪናው ሩጫ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለማቆም የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሾፌር በከባድ ማርሽ ውረድ የሚባለው ፍሬኑ ግሎ እንዳይከዳው ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ላንቸስተር የዲስክ ፍሬንን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ነበር።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ መኪናዋ ደልዳላ መሬት ላይ ትቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይሳብ፤ የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ። የጎማ ቡሎኖቹን (የቪትዝ በ21 ቁልፍ ነው) መሬት ላይ እያለች ላላ አድርጉ፤ ከተነሣች በኋላ ጎማው አብሮ እየዞረ ያስቸግራል። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ከሥሯ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ሳይገባ ከሥር እጅ መስደድ በሕይወት መቀለድ ነው።

ጎማው ወጣ። ካሊፐሩን ፈተን ሸራዎቹን አወጣን፤ ቀጥለን ካሊፐሩ የተቀመጠበትን ብረት ከጀርባ የያዙትን ሁለት ቡሎኖች በ17 ቁልፍ ፈታን። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ካሊፐሩ በዘይት ቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ ከሞላው ጋር ይታሰር። ቱቦው ክብደት እንዲሸከም አልተሠራም፤ ውስጡ ቢጎዳ ከውጭ ላይታይ ይችላል። የሸራውን አቧራም በአፋችሁ እፍ አትበሉት፤ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

አሁን ዲስኩን የያዘው ነገር የለም። "በቃ ሳበው" አለኝ አጎቴ። ሳብኩት። ንቅንቅ የለም! ዲስኩና የሚያርፍበት ሞዞ ለዓመታት ውሃ ሲገባባቸው በዝገት ተጣብቀዋል። እኔ ደግሞ መዶሻ አነሣሁና አምስት ስድስት ጊዜ ደበደብኩት። ጆሮዬ ከመደንቆሩ በቀር የመጣ ለውጥ የለም።

ድምፁን የሰሙት ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፣ ብቅ አሉ። "ልጄ፣ ኩሽኔታውን ልትጨርሰው ነው እንዴ?" ብለው መዶሻውን ተቀበሉኝና ዲስኩ ፊት ላይ ያሉትን ጥርስ ያላቸው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሳዩኝ። እኔ እኮ ዝም ብለው የተበሱ መስለውኝ ነበር! በሁለቱም ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን አስገቡና አንዱን ግማሽ ዙር፣ ሌላውን ግማሽ ዙር እያፈራረቁ አጠበቁ። ቡሎኖቹ ሞዞውን ተመርኩዘው ዲስኩን ወደ ውጭ ይገፉታል። ብዙም ሳይቆይ "ቷ!" ብሎ ተላቀቀ።

አዲሱን ልገጥም ስጣደፍ አሁንም አስቆሙኝ። ሞዞው ላይ የቀረ የዝገት ቅርፊት አዲሱን ዲስክ በትንሹ ያዘምመዋል፤ የተዛመመ ዲስክ እየተዋለለ ይዞራል፤ ውሎ አድሮ ያው መንቀጥቀጥ ይመለሳል። ስለዚህ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪጠራ አጸዳን። አሮጌውን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላግ ለሚፈልግም፣ ከዚህ በታች አይቅጠን የሚለው የውፍረት ልክ ዲስኩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ ካነሰ መጣል ነው።

በሌላኛውም ጎማ እንዲሁ አደረግን፤ ቡሎኖቹን በመስቀለኛ እያፈራረቅን አጠበቅን (የቪትዝ 103 ኒውተን ሜትር ነው)። ጎረቤታችን ሄደዋል። ጨረስን ብዬ ሞተር አስነሥቼ ወደ ግቢው በር ነዳሁ፤ ታናሽ እህቴ ልትከፍትልን ቆማለች። ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ገባ! አጎቴ ከጎኔ የእጅ ፍሬኑን ባይስበው ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። የቆምነው አንድ ክንድ ሲቀረን ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አዲሱ ዲስክ ወፍራም ስለሆነ ቦታ እንዲያገኝ ፒስተኖቹን ወደ ውስጥ ገፍተናቸው ነበር። ስለዚህ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ መርገጥ፣ የፍሬን ዘይቱን ልክ ማየት፣ ከዚያም ባዶ ቦታ ላይ በዝግታ መሞከር ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ዲስክ መፍታት ቢችልም ሥራውን አልቻለም።

መደገፊያ ብረትና ትክክለኛ ቁልፍ ከሌላችሁ ጋራዥ ውሰዱት፤ ነውር የለውም። ስትወስዱት ግን "ሞዞውን አጽድታችኋል? ፔዳሉን ሞክራችሁታል?" ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ እንደሆነ ሙያችን ነው።