ፓት ከሚንስ፦ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ታይቶ የጠፋው ወርዋሪ

ክሪኬት ለብዙዎቻችን ነጭ የለበሱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሣር ላይ ቆመው የሚውሉበት ጨዋታ ነው። ሕጉን ሁሉ ማጥናት ግን ግድ አይደለም፤ ይህን ታሪክ ለመከታተል ሁለት ሰዎችን መለየት ይበቃል። አንደኛው መቺው ነው። ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በዱላው ይከላከላል፣ ኳሷንም እየመታ ነጥብ ይሰበስባል። ሁለተኛው ወርዋሪው ነው። ከሃያ ሜትር ገደማ ርቀት ኳሷን አንጥሮ መቺውን ከሜዳ ለማስወጣት ይለፋል። ኳሷ 160 ግራም ገደማ የምትመዝን፣ በቆዳ የተለበጠች ጠጣር ነገር ናት። ፈጣን ወርዋሪ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ሲለቃት መቺው የሚያስብበትም የሚመታበትም ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው።

ወርዋሪው ክርኑን አጥፎ እየዘረጋ መወርወር ክልክል ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከመንደርደሪያው፣ ከፊተኛ እግሩና ከወገቡ ነው። ጣጣውም የሚመጣው ከዚያው ነው።

አውስትራሊያዊው ፓት ከሚንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ሲድኒ ውስጥ ተወለደ፤ ያደገው ከከተማዋ በስተምዕራብ ብሉ ማውንቴንስ በሚባለው ተራራማ አካባቢ ነው። ሕፃን ሳለ እህቱ በር ስትዘጋ የቀኝ እጁ የመሀል ጣት ጫፍ ተቆረጠ። የወርዋሪ ኳስ በሌባ ጣትና በመሀል ጣት ነው የምትያዘው፤ በእሱ እጅ ላይ ግን ሁለቱ ጣቶች ቁመታቸው ተቀራረበና ያው ጉዳት ከመወርወር አላገደውም።

መጋቢት 2011፣ ገና በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ለኒው ሳውዝ ዌልስ ተሰልፎ በአውስትራሊያ የክፍለ ግዛቶች ውድድር ፍጻሜ ላይ ታዝማኒያን ገጠመ። በዚያ አንድ ጨዋታ 65 ኦቨር ወረወረ። አንድ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው፤ ልጁ 390 ጊዜ ተንደርድሮ 390 ጊዜ ወረወረ ማለት ነው። ቡድኑ ተሸነፈ። አጥንቱ ባልጠና ልጅ ላይ ይህን ያህል መጫን በእኔ ግምት ትልቅ ችኮላ ነበር፤ ያኔ ግን ሁሉም የሚያወራው ስለ ፍጥነቱ ነበር።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር፣ ከፍ ባለው ደረጃ ሦስት ጨዋታ ብቻ አድርጎ፣ ጆሃንስበርግ ላይ ለአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። ይህ ቴስት የሚባለው፣ እስከ አምስት ቀን የሚፈጀው ትልቁ የክሪኬት ውድድር ነው። አውስትራሊያ ከዚያ በፊት በነበረው ግጥሚያ ኬፕታውን ላይ በ47 ነጥብ ብቻ ተጠራርጋ ስለነበር ቡድኑ አንገቱን ደፍቶ ነው የመጣው። ከሚንስ በሁለተኛው ዙር 79 ነጥብ አስቆጥረውበት ስድስት የደቡብ አፍሪካ መቺዎችን ከሜዳ አስወጣ። አውስትራሊያ ለማሸነፍ በጠቅላላው 310 ነጥብ ያስፈልጋት ነበር፤ የመጨረሻው ቀን ላይ መቺዎቿ ሊያልቁ ሁለት ሲቀራቸው ዱላ ይዞ የቆመው ይኸው ልጅ ነበር። ከቡድን አጋሩ ከሚቸል ጆንሰን ጋር ተጋግዘው የቀረውን ነጥብ ለቀሙ፤ አሸናፊዋን ምትም እሱ መታት። የጨዋታው ኮከብ ተብሎ ተመረጠ።

ከዚያ በኋላ በቴስት ሜዳ የታየው ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

መጀመሪያ ተረከዙ ታመመ፤ ቀጥሎ የጀርባው አጥንት ተሰነጠቀ፤ ድኗል ሲባል እንደገና ተሰነጠቀ። ነገሩ የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የፈጣን ወርዋሪ ፊተኛ እግር መሬት ሲረግጥ ከሰውነቱ ክብደት ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ይቀበላል፤ በዚያችው ቅጽበት ወገቡ ወደ ጎን ታጥፎ ይጠማዘዛል። ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ሲያጣጥፉት እንደሚሆነው፣ የታችኛው አከርካሪ አጥንት ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል፤ ብዙ ጊዜም ከሚወረውረው እጅ በተቃራኒው በኩል። ይህ የአጥንት ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ በደንብ አይጠናም። መድኃኒቱ በዋናነት ዕረፍት ነው፤ ወጣት ስፖርተኛ ደግሞ ከምንም በላይ የሚጠላው ዕረፍትን ነው።

ከሚንስ በመሀሉ ሲድኒ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ተማረ። የአወራወር ስልቱን እንዲያስተካክል ካገዙት አንዱ ዴኒስ ሊሊ ነው፤ እሱም በ1973 የጀርባው አጥንት ተሰንጥቆ በጀሶ ታስሮ የከረመ፣ ተመልሶም ስመ ጥር የሆነ ፈጣን ወርዋሪ ነበር። ምክሩን የሚሰጠው ሕመሙን ቀምሶት ነው።

መጋቢት 2017 የቡድኑ ፈጣን ወርዋሪ ሚቸል ስታርክ የእግር አጥንቱ ተሰንጥቆ ከሕንድ ጉዞ ሲሰናበት ከሚንስ ተጠራ። በሕንዷ ራንቺ ከተማ ሜዳው ለፈጣን ወርዋሪ ፈጽሞ የማይመች ነበር፤ ሕንዶቹ ከ600 በላይ ነጥብ አስቆጠሩ። እሱ 39 ኦቨር ወርውሮ አራት መቺ አስወጣ። እኔ ከጆሃንስበርጉ ይልቅ ይህኛውን ነው የማደንቀው፤ የመጀመሪያው ላይ ልጁ የሚከፍለውን ዋጋ አያውቅም ነበር።

በ2021 የአውስትራሊያ የቴስት ቡድን አምበል ሆነ፤ በ2023 ደግሞ አሕመዳባድ ላይ የዓለም ዋንጫን አነሳ። በ2025፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ ያው የታችኛው ጀርባ አጥንት እንደገና ጉዳት አሳየ፤ ከእንግሊዝ ጋር በፐርዝ የተደረገው የቴስት ተከታታይ ጨዋታዎች የመክፈቻ ግጥሚያም ያለ እሱ ተጀመረ።