አላን ሆጅኪን እና የነርቭ መልእክት ምስጢር

እጃችን ትኩስ ምጣድ ሲነካ ገና ሳናስብ እንሰበስበዋለን። ይህ የሚሆነው መልእክት ከጣታችን ወደ ኅብለ ሰረሰር፣ ከዚያም ወደ ጡንቻ በቅጽበት ስለሚደርስ ነው። መልእክቱ ኤሌክትሪካዊ መሆኑ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ቢታወቅም፣ እንዴት እንደሚፈጠር ግን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ጥያቄውን ከመለሱት ሳይንቲስቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1914 የተወለደው እንግሊዛዊው አላን ሆጅኪን ነው።

በዘመኑ ተቀባይነት የነበረው የዩሊየስ በርንሽታይን መላምት ነበር። በዚህ መላምት መሠረት፣ ያረፈ ነርቭ ውስጡ ከውጪው ይልቅ ኔጋቲቭ ነው፤ መልእክት ሲያልፍ ደግሞ የሕዋሱ ገለፈት ለአዮኖች ሁሉ ስለሚከፈት የቮልቴጅ ልዩነቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል።

ይህን ለመፈተን ኤሌክትሮድ ወደ ነርቭ ክር ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። የአብዛኞቹ እንስሳት የነርቭ ክር ግን እጅግ ቀጭን ነው። ስኩዊድ የተባለው የባሕር እንስሳ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር ክር አለው። እ.ኤ.አ. በ1939 ሆጅኪንና ወጣቱ አንድሩ ሃክስሊ በፕሊመዝ የባሕር ቤተ ሙከራ ይህንኑ ክር ለኩ። ቮልቴጁ ዜሮ ላይ አልቆመም፤ የክሩ ውስጥ ለቅጽበት ፖዘቲቭ ሆነ። መላምቱ ተናጋ። ምክንያቱን ሳይደርሱበት ግን የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ ሆጅኪንም የአውሮፕላን ራዳር ወደ መሥራት ተዛወረ።

ከጦርነቱ በኋላ ሆጅኪን ከበርናርድ ካትዝ ጋር ክሩ የተነከረበትን ፈሳሽ ሶዲየም ቀነሰ። ያን ጊዜ ምቱም አነሰ። እንግዲያው ምስጢሩ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ የሶዲየም አዮኖች ወደ ውስጥ ይጎርፋሉ፤ ቀጥሎ የፖታሲየም አዮኖች ወደ ውጪ ወጥተው ቮልቴጁን ይመልሳሉ።

ሆጅኪንና ሃክስሊ ይህን በሂሳብ ቀመር ገልጸው እ.ኤ.አ. በ1952 አሳተሙ። የካምብሪጅ ኮምፒዩተር በወቅቱ አገልግሎት ስለማይሰጥ፣ ሃክስሊ በእጅ በሚዞር የሂሳብ መሣሪያ ለሳምንታት አሰላ። ስሌቱ የመልእክቱን ፍጥነት በሴኮንድ 18.8 ሜትር አደረሰው፤ በሙከራ የተለካው 21.2 ሜትር ነበር። ይህን ያህል መቀራረብ ቀመሩን አሳማኝ አደረገው።

ሁለቱ ከጆን ኤክልስ ጋር እ.ኤ.አ. የ1963ን የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ሆጅኪን እ.ኤ.አ. በ1998 አረፈ። ዛሬ ጥርስ ሊነቀል ሲል የሚወጋው ማደንዘዣ ሕመምን የሚያስታግሰው እነዚያኑ የሶዲየም መተላለፊያዎች በመዝጋት ነው።